የተቃጠለ ነገር ሲሸታችሁ፦ ከመኪና ሞተር የሚመጣ ሽታን ለይቶ ማስተካከያ

መስከረም ላይ ቤተሰቡን ጭኜ ጢስ ዓባይ ሄጄ ነበር፣ ያው ክረምቱ ሲወጣ ውሃው ሞልቶ ስለሚያምር ነው፣ ጢሱን አይተን ፎቶ ምናምን ተነስተን ስንመለስ ግን የራሳችን ጢስ ተከተለን። ባለቤቴ "አንተ፣ የሆነ ነገር እያረረ ነው" ትለኛለች፣ እኔ ደግሞ ገበሬ ቆሻሻ እያቃጠለ ነው ብዬ መንዳቴን ቀጠልኩ፣ ባህር ዳር ስንገባ ልጆቹ ሁላ አፍንጫቸውን ይዘዋል። በነጋታው አንድ ጋራዥ ወሰድኩት፣ ልጁ ኮፈኑን ከፍቶ አንዴ አሸተተና "ጓርኒሲዮን ነው፣ ቴስታ መውረድ አለበት" አለኝ። ጓርኒሲዮን ማለት በሁለት የሞተር ክፍሎች መሃል የሚገባ ማሸጊያ ነው፣ ቴስታ ደግሞ የሞተሩ ራስ ነው፣ እሱን ማውረድ ማለት የሞተሩን ግማሽ መፍታት ማለት ነው፣ ብሩም ቀኑም ቀላል አደለም። ልቤ አልቀበል ሲለኝ ሰፈራችን ያሉ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ጋ ሄድኩ፣ እሳቸው ኮፈኑን እንኳን አልከፈቱም፣ "ልጄ፣ ሽታው የሚመጣብህ ስትሄድ ነው ስትቆም?" ብለው ጠየቁኝና ጎንበስ ብለው ከስር አዩ፣ ከዛ በካቻቪቴ እየፋቁ ጥቁር ነገር አወጡ። ፌስታል! ጪስ ማውጫው ላይ ቀልጦ የተለጠፈ የገበያ ፌስታል። የሻይ ብቻ ሰጥቻቸው ወጣሁ።

ከዛ ወዲህ የሰውም የራሴም መኪና ሲሸት የምከተለውን አካሄድ ነው እዚ የምጽፈው። እኔ መካኒክ አደለሁም፣ ግን አሮጌ ዲኤክስ ለብዙ ዓመት የነዳ ሰው ሳይወድ በግዱ ግማሽ መካኒክ ይሆናል፣ ደግሞ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ስለተከለከለ ያለንን አሮጌ መኪና ተንከባክቦ መያዝ ግድ ሆኗል።

መጀመሪያ ልቁም ወይስ ልሂድ የሚለው

ጥሬ ቤንዚን ከሸተታችሁ፣ ፕላስቲክ ወይ ሽቦ የተቃጠለ ከሸተታችሁ፣ ከኮፈኑ ጠርዝ ጪስ ከወጣ፣ የሙቀት ጌጁ ቀዩ ጋ ከደረሰ ወይ የዘይት መብራት ቀይ ከበራ ወዲያው ነው የሚቆመው፣ "ትንሽ ነው የቀረኝ ቤት ልድረስ" አይሰራም። ዳር ያዙ፣ ሞተር አጥፉ፣ ሰው ሁሉ መኪና በማያልፍበት በኩል ይውረድ። ስትቆሙ ደረቅ ሳር ወይ ገለባ ላይ አትቁሙ፣ ከስር ያለው የጪስ ማውጫ ቱቦ ገና እንደጋለ ነው፣ በተለይ ህዳር ታህሳስ አዝመራ ሲሰበሰብ ወደ መራዊ ወይ ወደ ሐሙሲት መንገድ ዳር ሁሉ ገለባ ነው፣ አንድ ጭብጥ ገለባ ከስር ከገባ እሳት ለመነሳት በቂ ነው።

ጪሱ ብዙ ከሆነ ኮፈኑን ብድግ አድርጋችሁ አትክፈቱ፣ ውስጥ እሳት ካለ አየር ሲያገኝ ፊታችሁ ላይ ነው የሚመጣው። የዱቄት እሳት ማጥፊያ ካላችሁ ኮፈኑን በትንሹ ከፈት አድርጋችሁ በቀዳዳው መርጨት ነው፣ ከሌለ አፈር፣ እሱም ካልሆነ ራቅ ብሎ ሰው መጥራት፣ መኪና ይተካል። ቤንዚንና ኤሌትሪክ ላይ ውሃ አይደፋም። እሳት ማጥፊያችሁ ለቦሎ ብቻ የተገዛ ከሆነ ደግሞ ዛሬውኑ ጌጁን እዩት፣ መርፌው አረንጓዴው ላይ ካልሆነ ባዶ ቆርቆሮ ነው የያዛችሁት።

ሌላው አይነት ሽታ፣ ማለትም ጪስ ከሌለውና ጌጆቹ ሁሉ ደህና ከሆኑ፣ ቀስ ብላችሁ ጥላ ያለበት ቦታ ደርሳችሁ በተረጋጋ መንፈስ መፈተሽ ይቻላል።

ሁለተኛ፣ ኮፈን ከመክፈት በፊት የሚጠየቅ

ሽማግሌው እንደጠየቁኝ መቼ መጣ የሚለው ከየት መጣ ከሚለው ይቀድማል። ቆሜ ሞተር እየሰራ ብቻ ነው የሚሸተው? ወይስ ከሄድኩ በኋላ ስቆም? ዳገት ላይ ነው ቁልቁለት ላይ? ኤሲ ስከፍት ነው? ትናንት ዘይት ቀይሬያለሁ ወይ? ሞተር አሳጥቤያለሁ ወይ? አዲስ ሸራ አስገብቻለሁ ወይ? አዲስ የፍሬን ሸራ ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ትንሽ መሽተቱ ያለ ነው፣ ዘይት ስትቀይሩ ውጪ የፈሰሰም ዘይት ተቃጥሎ እስኪያልቅ አንድ ሁለት ቀን ይሸታል። እነዚህን ጥያቄዎች ሳትመልሱ ጋራዥ ከሄዳችሁ መካኒኩ በግምት ነው የሚጀምረው፣ ግምቱን ደግሞ የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ።

ከዛ ሽታውን ከኩሽና ጋር አመሳስሉት፣ ቀልድ እንዳይመስላችሁ በደንብ ይሰራል። ድስት ላይ የተረሳ ዘይት አይነት፣ ወፍራም ሆኖ ጉሮሮ የሚይዝ ከሆነ የሞተር ዘይት ነው። ስኳር ሲያር የሚመስል ጣፋጭ ሽታ ከሆነ ኩላንት ነው፣ ራዲያተር ውስጥ የሚሞላው ማቀዝቀዣ ፈሳሽ ማለት ነው። ፀጉር ወይ የዶሮ ላባ ሲለበለብ የሚመስል ከሆነ ፍሪሲዮን ወይ ፍሬን ነው። ጎማ የተቃጠለ ከሆነ ቺንጊያ (ዲናሞና ኤሲ የሚያዞረው የጎማ ቀበቶ) ነው፣ ፌስታል ከሰል ላይ የወደቀ አይነት ከሆነ ወይ እንደኔ እውነተኛ ፌስታል ነው ወይ የሽቦ ልባስ ነው፣ ይሄን ሁለቱን መለየት ግድ ነው ምክንያቱም አንዱ ቀልድ ነው ሌላው እሳት ነው። የተበላሸ እንቁላል ከሸተተ ደግሞ ባትሪው ከልክ በላይ ቻርጅ እየተደረገ ሊሆን ይችላል፣ እጃችሁን ጠጋ አድርጉ፣ የባትሪው ጎን ከጋለ ወይ ካበጠ ዲናሞው ይታይ፣ አጠገቡም ሲጋራ አይጨስ።

ዘይት ከሆነ

አሮጌ መኪና ላይ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ይሄ ነው። ሞተሩ ላይ ያለው የላይኛው ክዳን ስር የጎማ ጓርኒሲዮን አለ፣ በሙቀት ብዛት ይደርቅና እንደ ብስኩት ይሰባበራል፣ ከዛ ዘይቱ ቀስ እያለ ይወርድና የጋለው የጪስ ማውጫ ላይ ጠብ ሲል ይቃጠላል። ለዚህ ነው ስትሄዱ ንፋስ እየወሰደው የማይሸታችሁ፣ መብራት ላይ ስትቆሙ ግን ወደ ውስጥ የሚገባው። ይሄ ጓርኒሲዮን ከቴስታው ጓርኒሲዮን ጋር አንድ አደለም! ስማቸው ስለሚመሳሰል ብዙ ሰው ይሸወዳል፣ የላይኛው ክዳን የግማሽ ቀን ስራ ነው፣ ቴስታ ግን ሌላ ዓለም ነው። መካኒኩ "ጓርኒሲዮን" ሲላችሁ "የቱ?" ብላችሁ ጠይቁ።

አፈታተሹ እንዲህ ነው። መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ ሞተሩ ከጠፋ አስር ደቂቃ ያህል ቆይታችሁ ሊቤሎውን (የዘይት መለኪያ ዘንጉን) አውጡ፣ ጥረጉት፣ መልሳችሁ ከታችሁ እንደገና አውጡ፣ ዘይቱ በሁለቱ ምልክቶች መሃል መሆን አለበት። ከታች ከሆነ እየፈሰሰ ወይ እየተቃጠለ ነው፣ ከላይኛው ምልክት ካለፈ ደግሞ ያበዛላችሁ ሰው አለ፣ ዘይት ሲበዛም በየቀዳዳው ይወጣል። ዘይቱ ማኪያቶ ከመሰለ ግን፣ ማለትም ወተት የገባበት ቡና አይነት ከሆነ፣ ውሃ ገብቶበታል፣ ያኔ ነው የቴስታው ጓርኒሲዮን የሚጠረጠረው፣ ሞተር ሳታስነሱ ጎትታችሁ ውሰዱት።

ዘይቱ ልኩ ከሆነ በባትሪ መብራት የክዳኑን ዙሪያ እዩ፣ የዘይት መሙያው ክዳን በደንብ መዘጋቱን፣ ፊልትሮው ስር እርጥበት መኖሩን፣ ዘይት ማውረጃው ቡሎን ማንጠባጠቡን። ሁሉም ነገር በጭቃና በዘይት ከተለወሰ ምንም አይታይም፣ ስለዚ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ በጨርቅና በኦሞ አጽዱት (በቤንዚን የሚያጥቡ ሰዎች አሉ፣ እባካችሁ ተዉት) ከዛ ማታ ከስሩ ነጭ ካርቶን አንጥፋችሁ እደሩ። ጠዋት ካርቶኑ ይናገራል፦ ጥቁር ወይ ቡናማ ከሆነ የሞተር ዘይት፣ አረንጓዴ ወይ ሮዝ ከሆነ ኩላንት፣ ምንም ቀለም የሌለው ንጹህ ውሃ ከሆነ ደግሞ የኤሲ ነው፣ እሱ ጤና ነው።

ራሳችሁ የላይኛውን ክዳን ጓርኒሲዮን መቀየር ከፈለጋችሁ ብዙ ቶዮታዎች ላይ በ10 ቁጥር ቁልፍ የሚፈታ ነው። ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ይቀዝቅዝ፣ ኮይሎቹንና ቱቦዎቹን ስታወጡ በስልካችሁ ፎቶ አንሱ፣ የድሮውን ጎማ ልቅም አድርጋችሁ አውጡ፣ የሚቀመጥበትን ቦታ ጥረጉ፣ አዲሱን አስገብታችሁ ቡሎኖቹን ከመሃል ወደ ዳር እያፈራረቃችሁ ቀስ በቀስ እሰሩ። በኃይል አታጥብቁ፣ አልሙኒየም ነው ጥርሱን ይበላዋል፣ ደግሞ ሲጠብቅ ጎማው ተጨፍልቆ እንደገና ያፈሳል። ካንዴላ የሚገባበት ጉድጓድ ውስጥ ዘይት ካገኛችሁም እዛው ያሉትን የቀለበት ጎማዎች አብራችሁ ቀይሩ፣ ክዳኑ አንዴ ተፈቷል።

ውሃና ኩላንት ከሆነ

ባህር ዳር ወደ 1800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ እዚህ ውሃ በ94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል እንጂ መቶ አይደርስም። ራዲያተሩ ውስጥ ቶሎ እንዳይፈላ የሚያደርገው ክዳኑ የሚይዘው ግፊት ነው፣ ስለዚ የክዳኑ ጎማ ከላላ ወይ ከተሰነጠቀ ሞተሩ ምንም ሳይሆን ውሃው ሊፈላ ይችላል። ሰው ፓምፕ ቴርሞስታት ሲቀይር ይከርማል፣ ክዳኑን ግን ማንም አያየውም። በጣም ርካሹ እቃ እሱ ስለሆነ መጀመሪያ እሱን ቀይሩ።

የጋለ ራዲያተር ክዳን አይከፈትም። ይሄን ሁሉም ያውቃል ግን በየዓመቱ የሚቃጠል ሰው አይጠፋም። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ፣ የላይኛውን ጎማ ቱቦ ጨመቅ አድርጉት፣ አሁንም ድንጋይ ከሆነ ግፊት አለ፣ ለስላሳ ሲሆን በወፍራም ጨርቅ ይዛችሁ በትንሹ አዙሩና አየሩ ይውጣ ከዛ ክፈቱ። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መሙላትም ቴስታውን ያጣምመዋል።

መንገድ ላይ ጌጁ ሲወጣ ካያችሁ፣ ለምሳሌ ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር ስትወጡ፣ ዳገቱ ረጅም ነው፣ ኤሲውን አጥፉና ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ክፈቱት። በሚያዝያ ሙቀት ማሞቂያ መክፈት እብደት ይመስላል ግን የሞተሩን ሙቀት ስቦ ስለሚያወጣ እስክትቆሙ ድረስ ያተርፋችኋል።

ስትሄዱ ደህና ሆኖ ስትቆሙ ብቻ የሚግል ከሆነ ፋኑን ጠርጥሩ፣ ሞተሩ በደንብ ሞቆ ቆሞ ሲሰራ ፋኑ መነሳት አለበት፣ ካልተነሳ ፊውዙን ሪሌውን እዩ። በተቃራኒው ፈጥናችሁ ስትሄዱ ከሆነ የሚግለው ራዲያተሩ ተደፍኗል ማለት ነው። እኛ ጋ ደግሞ ማታ ማታ ሐይቁ ዳር የሚርመሰመሰው ትንኝ ራዲያተሩ ፊት ላይ ይለጠፍና ከአቧራ ጋር ጭቃ ይሆናል፣ በቀስታ ውሃ ከሞተሩ በኩል ወደ ውጪ እጠቡት፣ በኃይለኛ ግፊት ከሆነ ስስ ቅጠሎቹ ይተኛሉ። ኩላንት ደግሞ ለጌጥ አደለም፣ የቧንቧ ውሃ ብቻ ስትሞሉ ውስጡ ይዝጋል፣ ግማሽ ኩላንት ግማሽ ንጹህ ውሃ ይበቃል።

ጣፋጩ ሽታ የሚመጣው መኪናው ውስጥ ከሆነና መስታወቱ ከውስጥ ቅባት ቅባት እያለ ጉም የሚይዝ ከሆነ ግን ዳሽቦርዱ ስር ያለችው የማሞቂያ ራዲያተር ናት፣ ምንጣፉን በእግር በኩል ዳስሱ፣ እርጥብ ነው።

ጎማና ቺንጊያ

ጠዋት ስታስነሱ ወይ ኤሲ ስትከፍቱ ሲጢጢጥ ብሎ የሚጮህና ጎማ የሚሸት ከሆነ ቺንጊያው እየተንሸራተተ ነው። ሞተር አጥፉ፣ ቁልፉን ኪሳችሁ ክተቱ፣ መሃሉን በአውራ ጣት ተጫኑት፣ አንድ ሴንቲ አካባቢ ቢረግብ ደህና ነው፣ ብዙ ከረገበ ይወጠር፣ ከተሰነጠቀ ወይ እንደ መስታወት ካብለጨለጨ ይቀየር። አዲስ ቺንጊያ አስገብታችሁም ከሸተተ ችግሩ የሚያዞረው ነገር ላይ ነው፣ ቺንጊያው ወልቆ የዲናሞውንም የኤሲውንም መዘውር በእጃችሁ አዙሩ፣ የሚንኮሻኮሽ ወይ አልዞርም የሚል ካለ ኩሽኔታው አልቋል።

ፍሪሲዮንና ፍሬን

ቤዛዊት ዳገት ላይ መኪናን በፍሪሲዮን ይዞ የሚቆም ሹፌር አይታችኋል፣ ያ ሽታ የሱ ነው። ፍሬን ይዛችሁ ቁሙ፣ እግራችሁን ፍሪሲዮን ላይ አታሳርፉ። ፍሪሲዮኑ ማለቁን ለማወቅ ሜዳ ላይ ከፊት ሰው በሌለበት የእጅ ፍሬን ስቡ፣ በእግርም ፍሬን ያዙ፣ ሦስተኛ ማርሽ አስገቡና ፍሪሲዮኑን ቀስ ብላችሁ ልቀቁ፣ ሞተሩ ከጠፋ ገና ይይዛል፣ ሳይጠፋ መዞሩን ከቀጠለ እየተንሸራተተ ነው። አንዴ ብቻ ሞክሩት፣ ደጋግማችሁ ከሞከራችሁት ሙከራው ራሱ ይጨርሰዋል።

ፍሬን ላይ የማይረሳኝ ዓባይ በረሃ ነው። ከደጀን ወደ ወንዙ ስትወርዱ ከአንድ ሺ ሜትር በላይ ነው የምትወርዱት፣ እዛ ቁልቁለት ላይ ፍሬን እየረገጠ የሚወርድ ሰው ታች ሳይደርስ ጎማው ይጨሳል፣ ከዛም አልፎ ፔዳሉ ወለሉ ድረስ ይገባና ምንም አይዝም። በወጣችሁበት ማርሽ ውረዱ ይላሉ የድሮ ሹፌሮች፣ ሁለተኛ ወይ ሦስተኛ አስገብታችሁ ሞተሩ ይያዘው፣ ፍሬኑን ረገጥ ለቀቅ። ከሸተተ ሰፊ ቦታ ላይ ቁሙ፣ ማርሽ ውስጥ ትታችሁ ጎማ ስር ድንጋይ አድርጉ፣ በጋለ ፍሬን ላይ የእጅ ፍሬን አትሳቡ፣ ውሃም አትድፉበት ዲስኩ ይጣመማል። ራሱ ይቀዝቅዝ።

ከተማ ውስጥ ሜዳ ላይ እየነዳችሁ ፍሬን ፍሬን ከሸተተ ደግሞ መጀመሪያ የእጅ ፍሬኑን እዩ፣ አትሳቁ፣ ግማሹ እሱ ነው። ከሌለበት ጥቂት ኪሎሜትር ነድታችሁ ቁሙና መዳፋችሁን ሳትነኩ ወደ እያንዳንዱ ጎማ ቸርኬ አስጠጉ፣ አንዱ ብቻ እንደ ምጣድ የሚፋጅ ከሆነ እሱ ፍሬኑ ተጣብቋል፣ ክረምት ጭቃ ውስጥ ለከረመ መኪና የተለመደ ነው፣ ተፈቶ ይጸዳል ይቀባል የፍሬኑ የውስጥ ጎማዎች ይቀየራሉ። ፍሬን ላይ ግን ልምድ ከሌላችሁ ራሳችሁ አትፍቱ።

ሽቦ

እዚ ላይ ቀልድ የለም። ሽቦ ሲሸት ሞተር አጥፉ፣ ቁልፉን አውጡ፣ የባትሪውን ነጌቲቭ ፍቱ፣ ብዙውን ጊዜ 10 ቁጥር ነው፣ ስለዚ ያቺን ቁልፍ ዳሽቦርድ ውስጥ አኑሯት። ከዛ ከፋብሪካ ያልመጣውን ነገር ሁሉ ጠርጥሩ፦ ቴፕ፣ አላርም፣ ተጨማሪ መብራት፣ ፕላስተር የተጠቀለለበት ማንኛውም ቀጠላ። ፊውዝ ተቃጥሎ ካገኛችሁ ያው ቁጥር ነው የሚተካው፣ 10 በ10፣ 15 በ15። የሲጋራ ወርቅ ወረቀት ወይ ሽቦ ጠምዝዞ ማስገባት ማለት ፊውዙ መቃጠሉን ትቶ መኪናው ይቃጠል ማለት ነው። አዲሱም ወዲያው ከተቃጠለ ሌላ አታስገቡ፣ ኤሌትሪሺያን ይፈልገው። መኪናችሁ ብዙ ቀን ቆሞ ከነበረ ደግሞ አይጥ እዩ፣ ሞተሩ ሲሞቃት ትወዳለች፣ ገለባና ጨርቅ ሰብስባ ጎጆ ትሰራለች ሽቦውንም ትቆረጥመዋለች።

ፌስታሉስ?

የኔን አይነት ፌስታል ሲገጥማችሁ ሞተሩን ሙሉ በሙሉ አቀዝቅዙ፣ ሲቀዘቅዝ ይደርቅና በእንጨት ወይ በካቻቪቴ ጫፍ ይፋቃል፣ ሲግል ግን እንደ ማስቲካ ነው የሚሳበው። በክሪክ ብቻ በተነሳ መኪና ስር አትግቡ፣ መደገፊያ ከሌለ ጎሚስታ ቤት ወይ እጥበት ቤት ጉድጓድ ያለበት ቦታ ሄዳችሁ አስፍቁ። የቀረችው ቅሪት ነድታ እስክታልቅ ትንሽ ቀን መሽተቷ አይቀርም።

የትኛውንም ብታስተካክሉ የመጨረሻው ስራ ሙከራ ነው፣ ሃያ ሰላሳ ደቂቃ፣ ትንሽ ዳገት ያለበት፣ መስኮት ተዘግቶ ከዛ ተከፍቶ፣ ስትመለሱም ሞተር ሳታጠፉ አምስት ደቂቃ ቆማችሁ አሽትቱ። እኔ ፌስታሉን ካስፋቅኩ በኋላ ለሙከራ በአዲሱ የዓባይ ድልድይ አድርጌ ወደ ዘንዘልማ ወጣሁ፣ ትንሿ ልጄ ከኋላ ሆና "ባባ ሸተተኝ!" አለች፣ ደንግጬ ዳር ያዝኩ፣ ወርጄ ከስር አየሁ፣ ኮፈን ከፈትኩ፣ ምንም የለም፣ ቀና ስል አስር ሜትር ላይ አንዲት እናት በቆሎ እሸት እየጠበሱ ነው። ሁለት ሁለት ገዝተን ተመለስን።